ማሲንቆን ማን ይቅረጸው?

ከጎንደር በዳባትና በደባርቅ አልፎ፣ ሊማሊሞን ወርዶ አዲ አርቃይ የሚደርሰው መንገድ የአዝማሪ አገር መንገድ ነው። ዛሬ ግን በየሠርጉ የሚሰማው «ማሲንቆ» ብዙ ጊዜ ከኪቦርድ የሚወጣ ነው። ጆሮ ያለው ሰው ልዩነቱን ወዲያው ያውቀዋል። ለምን?

እ.ኤ.አ. በ1963 እንግሊዝ ውስጥ የተሠራው ሜሎትሮን በየቁልፉ ሥር የእውነተኛ መሣሪያ ድምፅ የተቀዳበት ቴፕ ነበረው። በ1979 የአውስትራሊያው ፌርላይት ቅጂውን ወደ ኮምፒውተር አስገባው። አንድ ቅጂ ግን ቢነኩትም ቢመቱትም ያው ነው። ስለዚህ ባለሙያዎች ቅጂ መደራረብ ጀመሩ፦ አንዱን ድምፅ በለሆሳስ፣ በመካከለኛና በኃይል፣ እያንዳንዱንም ደጋግመው ቀዱ። ኮምፒውተሩ የጣትን ጉልበት አይቶ ይመርጣል። ፒያኖና ቫዮሊን በዚህ መንገድ ነፍስ ዘሩ።

እኛ ዘንድ ከ1966ቱ አብዮት በኋላ የሰዓት እላፊ የሌሊቱን ሙዚቃ አዳከመ፤ ትልልቆቹ ባንዶች ሲሳሱ ኪቦርድ ቦታቸውን ያዘ። ኃይሉ መርጊያም እ.ኤ.አ. በ1985 ዋሽንግተን ውስጥ አኮርዲዮኑን ከኤሌክትሮኒክ ኪቦርዶች ጋር አዋህዶ አልበም ሠርቷል። እሱ ግን ኪቦርዱን ራሱን አጫወተው እንጂ ማሲንቆ ነኝ አላሰኘውም።

ማሲንቆ ከፈረስ ጭራ የተሠራ አንድ ጅማት ነው፤ ጣት ከጎን ይጫነዋል እንጂ ከሥሩ የሚያርፍበት ጣውላ የለም። ውበቱ ያለው ከድምፅ ወደ ድምፅ ሲንሸራተት ነው። ስለዚህ ለስላሳና ጠንካራ ቅጂ መደራረብ ብቻውን አይበቃም፤ መንሸራተቱም በትዝታ፣ በባቲ፣ በአምባሰልና በአንቺሆዬ መቀዳት አለበት። ይህን የሚያውቀው አዝማሪው ነው። ቅጂው ያለ እሱ ከተሠራ ውሸት ይሆናል፤ ያለ ስሙና ያለ ክፍያው ከተሠራ ደግሞ ዝርፊያ ነው።