የገበያ ለዛ፦ ቀልድ በጎንደር የንግድ ቋንቋ ውስጥ

የንግድ ታሪክ ሲጻፍ ብዙውን ጊዜ የሚቆጠረው የዕቃው ዓይነት፣ የቀረጡ መጠንና የመንገዱ ርዝመት ነው። ገዢና ሻጭ የተነጋገሩበት ቋንቋ ግን ከሒሳቡ ውጭ ይቀራል። ይሁንና ዕቃ ያለ ቃል ከእጅ ወደ እጅ አይተላለፍም። ዋጋ የሚጠራው በቃል ነው፤ ዱቤ የሚፈቀደውም ሆነ የሚከለከለው በቃል ነው፤ የዛሬው ገዢ በሚቀጥለው ገበያ እንዲመለስ የሚያደርገውም ከዕቃው ጥራት ጋር የተሰማው ቃል ነው። በጎንደር ከተማና በሰሜን ጎንደር ደጋ ይህ የንግድ ቃል ለረጅም ዘመን ከቀልድ ጋር ተዋሕዶ ኖሯል። ቀልዱም የራሱ የሆነ ሥራ ነበረው። ሥራው ምን እንደነበረ፣ ማንን እንደጠቀመና ማንን እንደጎዳ መመርመር ዛሬ በመሥሪያ ቤት፣ በትምህርት ቤትና በመድረክ ለሕዝብ የሚናገርንና የሚጽፍን ሁሉ የሚመለከት ጉዳይ ነው።

አማርኛ ለሚያስቅ ነገር አንድ ስም ብቻ አልሰጠም። ለዛ አለ፤ ይህ ነገርን እንደ ቅመም የሚያጣፍጠው ነው። ቀልድ አለ፤ ተረብ አለ፤ ፌዝ አለ፤ ስላቅ አለ። ለዛ ያለው ሰው ይወደዳል፣ ፌዘኛ ግን ይፈራል ወይም ይጠላል። ሕዝቡ እነዚህን ቃላት ለያይቶ ማኖሩ በራሱ ፍርድ ነው፤ ሳቅ ሁሉ አንድ እንዳልሆነ ገና ከጥንቱ ተረድቶታል ማለት ነው።

ዐፄ ፋሲለደስ በ1628 ዓ.ም. ገደማ ጎንደርን መናገሻ ካደረጓት በኋላ ከተማዋ የቤተ መንግሥት፣ የቤተ ክህነትና የንግድ መገናኛ ሆነች። በስተሰሜን በወገራ፣ በዳባትና በደባርቅ አልፎ ሊማሊሞን የሚወርደው መንገድ ተከዜን ተሻግሮ ወደ ዓድዋና ወደ ምጽዋ ያደርሳል። በስተምዕራብ ያለው ወደ መተማና ወደ ሱዳን፣ በስተደቡብ ያለው ደግሞ ወደ ጎጃምና ከዚያ ወዲያ ወዳሉት አገሮች ይዘልቃል። ወርቅ፣ የዝሆን ጥርስ፣ ዝባድ፣ ሰምና ቡና በእነዚህ መንገዶች ይመላለሱ ነበር። ሰውም እንደ ሸቀጥ ይነዳባቸው እንደነበር ሊዘነጋ አይገባም። ከአፋር ቆላ የሚመጣው አሞሌ ጨው እንደ ገንዘብ ያገለግል ስለነበረ ከምንጩ በራቀ ቁጥር ዋጋው ከፍ ይላል። በ1660 ዓ.ም. በዐፄ ዮሐንስ ቀዳማዊ ዘመን የተሰበሰበው ጉባኤ ሙስሊሞች ከክርስቲያኖች ተለይተው እንዲሰፍሩ ከወሰነ በኋላ፣ አዲስ ዓለም የተባለው ሰፈር የነጋዴዎችና የሸማኔዎች መኖሪያ ሆነ። በሰፈር የተለያየው ሕዝብ የሚገናኘው በገበያ ነበር። በሃይማኖት የማይመሳሰሉ፣ በማዕድ የማይቀራረቡ ሰዎች በቅዳሜ ገበያ አንድ ቋንቋ ያስፈልጋቸዋል። ከዚያ ቋንቋ አንዱ ክፍል ለዛ ነው።

የገበያው ለዛ የሚጀምረው ከአጠራር ነው። ሻጭ የማያውቀውን ገዢ «ወንድምዓለም» ብላ ትጠራዋለች፤ እርሱም «እታለም» ይላታል። ዋጋ ከመነሣቱ በፊት ዝምድና ይመሠረታል። ቀጥሎ የሚመጣው ክርክር ከዚህ ዝምድና ውስጥ ስለሚካሄድ፣ «ይህ ዋጋ አይሆንም» ማለት ጠብ አይሆንም። ለዚህ ከሁሉ የተሻለው ምሳሌ «መረቀ» የሚለው ግሥ ነው። ካህንና ሽማግሌ ሲባርኩ ይመርቃሉ፤ ነጋዴም ከሰፈረ በኋላ በላዩ ጥቂት ሲጨምር ይመርቃል። ገዢ «መርቂልኝ እንጂ እታለም» ሲል አንዲት እፍኝ እህል መለመኑ ነው። ሻጭዋ ሁለት እጇን ወደ ሰማይ ዘርግታ «ዕድሜና ጤና ይስጥህ» ብትለው እንደ ቃሉ ፈጽማለታለች፣ እንደ ፍላጎቱ ግን ነፍጋዋለች። ሁለቱም ይሥቃሉ። ከሳቁ በኋላ እፍኟ ትጨመራለች ወይም ትቀራለች። ብትጨመር በልግስና ነው፤ ብትቀር ደግሞ የተዋረደ ወይም የተቀየመ የለም። ሰሙ ምርቃት፣ ወርቁ የእህሉ ጭማሪ ነው። በቅኔ ቤት ለዓመታት የሚጠናው የሰምና ወርቅ ብልሃት ፊደል ባልቆጠረች እህል ሻጭ አፍ ላይ ይህን ያህል ሥራ ይሠራል።

ይህ ብልሃት በገበያና በቤተ ክህነት መካከል ይመላለስ እንደነበር የሚያሳዩት አለቃ ገብረ ሐና ናቸው። በ19ኛው ምዕተ ዓመት የኖሩት እኒህ የፎገራ ተወላጅ ሊቅ በአቋቋም ትምህርት ትልቅ ስም ያላቸው ሲሆኑ፣ ሕዝቡ ግን ይበልጥ የሚያስታውሳቸው በቀልዳቸው ነው። በስማቸው ከሚነገሩት ወጎች አንዱ የገበያ መንገድ ወግ ነው። አህያዋን ጭና ወደ ገበያ የምትነዳ አንዲት ሴት ያገኙና «እንደምን አደራችሁ» ይሏታል ይባላል። ሴቲቱ ቃሉን እንደ አክብሮት ልትቀበለው ትችላለች፤ ቆይቶ ግን ከአህያዋ ጋር ተደምራ ሰላምታ እንደተሰጣት ይገባታል። በዚህ ወግ የቋንቋ ጥበብ አለ። ሌላም ነገር አለ፤ የሚያስቀው ሊቅ፣ የሚሣቅባት ደግሞ ጭነት ነጂ ሴት ናት። ሌሎቹ የአለቃ ወጎች መኳንንቱንና ባለጠጋውን የሚሸነቁጡ ስለሆኑ ሕዝቡ ወዷቸዋል። ይህኛውን ሲሰማ ግን የሳቁን ሒሳብ የከፈለው ማነው ብሎ መጠየቅ ተገቢ ነው።

ቀልድን የዕለት እንጀራው ያደረገው አዝማሪ ነው። በጎንደር አካባቢ እንደ ቡርቧክስ ባሉ መንደሮች ሙያው ከአባት ወደ ልጅ እየተላለፈ ኖሯል። አዝማሪው ማሲንቆውን ይዞ ሠርግ ቤት ወይም ጠጅ ቤት ሲገባ ሥራውን የሚጀምረው በጥያቄ ነው። የእንግዳውን ስም፣ አገሩን፣ ሥራውን፣ አብሮት የመጣውን ሰው አስቀድሞ ያጣራል። ከዚያ በኋላ የሚወርደው ግጥም ለዚያ ሰው የተሰፋ ልብስ ይሆናል። አወዳድሶ ይሸለማል፤ ሸላሚው እጁን ቢሰበስብ ደግሞ ውዳሴው ቀስ በቀስ ወደ ሽሙጥ ይዞራል። አድማጩም ዝም ብሎ አይቀመጥም። «ተቀበል!» ብሎ ስንኝ ይሰጣል፤ አዝማሪው ተቀብሎ በዜማ ያስተጋባል። በዚህ መንገድ ፊት ለፊት ሊነገር የማይችለው ቅሬታ በማሲንቆ ታዝሎ ለባለቤቱ ይደርሳል። ተናጋሪው «አዝማሪው ዘፈነው» ይላል፣ አዝማሪው «ተቀበል ተብዬ ነው» ይላል። መልእክቱ ሲደርስ መልእክተኛው አይያዝም።

አዝማሪና ነጋዴ ሁለቱም የመንገድ ሰዎች ናቸው፤ ሁለቱም ባዕድ እንዳይሰማቸው የየራሳቸው የምስጢር ቋንቋ አበጅተዋል። የቋንቋ ሊቁ ዎልፍ ሌስላው የኢትዮጵያ ነጋዴዎችን የምስጢር ቋንቋ በ1949፣ የአዝማሪዎችን ደግሞ በ1952 እ.ኤ.አ. አጥንቶ አሳትሟል። ንግድና ግጥም በአንድ ሰው ላይ የተገናኙበት ጊዜም አለ። የምንጃሩ ተወላጅ ተሰማ እሸቴ በ1900 ዓ.ም. ጀርመን አገር ዘፈኑን በሸክላ ካስቀረጸ በኋላ የነጋድራስነት ማዕረግ አግኝቷል። የቀረጥ ሹሙ የተረብና የግጥም ሰው ነበር።

የዚህ ቃል ኃይል በጠላትም ዘንድ የታወቀ ነበር። የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. በግራዚያኒ ላይ የግድያ ሙከራ ከተደረገ በኋላ፣ የፋሽስቱ አስተዳደር ጠንቋዮችንና በየገበያው እየዞሩ የሚዘፍኑና ወሬ የሚያዳርሱ ሰዎችን እንዲገደሉ አዘዘ። ማሲንቆ ጥይት አይተኩስም። ነገር ግን ገዢውን መሣቂያ የሚያደርግ ስንኝ ከገበያ ወደ ገበያ ከነጋዴው ጋር ይጓዛል፤ የሣቀ ሕዝብም ፍርሃቱን ግማሽ በግማሽ ጥሎታል። ጎንደር በኅዳር 1934 ዓ.ም. የመጨረሻው የኢጣልያ ጦር እጁን የሰጠባት ከተማ ሆነች።

ይሁን እንጂ የጎንደር ሳቅ ታሪክ ሁሉ የሚያኮራ አይደለም። በደንቢያ፣ በወገራና ከከተማዋ አጠገብ በወለቃ ይኖሩ የነበሩት ቤተ እስራኤላውያን ማረሻውን፣ ማጭዱን፣ ጀበናውንና ምጣዱን የሚሠሩ ነበሩ። በነገሥታቱ ግንቦች ሥራም በግንበኝነትና በአናጢነት ተካፍለዋል። ርስት ተነፍገው በእጃቸው ሥራ እንዲኖሩ ከተገደዱ በኋላ ያው የእጅ ሥራቸው የስድብና የፌዝ ምክንያት ሆነባቸው። አንጥረኛው «ቡዳ» ተባለ፤ ሸማኔውና ቆዳ ፋቂውም በየበኩላቸው መተረቢያ ሆኑ። ገበሬው በማረሻው እያረሰ የማረሻውን ሠሪ ይሣለቅበት ነበር። ይህ ፌዝ የንግድ ውጤት ነበረው። ባለሙያው የዕቃውን ዋጋ በሙሉ ድምፅ እንዳይጠራ አደረገ፤ ልጆቹም በአባታቸው ሙያ እንዲያፍሩ አደረገ፤ አገሪቱን የእጅ ጥበብ አሳጣት። ነገሩ መንግሥትን እስከማሳሰብ በመድረሱ ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛ በሥራው እንዳይሰደብ አዋጅ አስነገሩ። በአገራችን ታሪክ የሥራ ቦታ ስድብን የከለከለ ታላቅ ሰነድ ነው። ግን ልማድ በአዋጅ ብቻ አይነቀልም። የየካቲት 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት አዋጅ ለአራሹ ሁሉ መሬት በሰጠበት ጊዜ እንኳ የቆየው ስም ከአፍ አልወረደም። በ1977 እና በ1983 ዓ.ም. አብዛኛዎቹ ቤተ እስራኤላውያን ወደ እስራኤል ሄዱ። ወለቃ ዛሬ የምትታወቀው ለጎብኚ በሚሸጡት ትንንሽ የሸክላ ቅርጾች ነው።

እንግዲህ ከአንድ ገበያ የበቀሉ ሁለት ዓይነት ሳቆች አሉ ማለት ነው። አንደኛው «መርቂልኝ» እንደሚለው፣ ሁለቱንም ወገን አስቆ ሁለቱንም በክብር ያሰናብታል። ሁለተኛው አንዱን አስቆ ሌላውን ከገበያ ያስወጣል። ልዩነቱ በቃላቱ ውበት አይለካም፤ ፌዝም አንዳንዴ ያማረ ሰምና ወርቅ አለው። የሚለካው በሦስት ጥያቄዎች ነው። የሚሣቅበት ሰው መልስ የመስጠት ዕድል አለውን? ሳቁ ካለፈ በኋላ ሥራው ይቀጥላልን? ሰውየው በሚቀጥለው ቅዳሜ ይመለሳልን?

ይህ መለኪያ ለጽሑፍም ያገለግላል። በየሱቁ ግድግዳ ላይ ዛሬ በገንዘብ፣ ዱቤ ግን ነገ መሆኑን የሚያስታውቅ ወረቀት ተለጥፎ ይታያል። ነገ መቼም እንደማይመጣ አንባቢው ያውቃል፤ ባለሱቁም ያወቀውን ያውቃል። «ዱቤ ክልክል ነው» ቢል ኖሮ ጎረቤቱን እንደ ባለዕዳ በጠረጠረው ነበር፤ በቀልድ በመጻፉ ግን ክልከላው ለሁሉም እኩል ሆነ፣ ማንም በስሙ አልተነካም። በአውቶቡስና በባጃጅ ላይ የሚጻፉት ጥቅሶችም እንዲሁ ተሳፋሪው ሒሳቡን እንዲከፍል፣ በሩን በቀስታ እንዲዘጋ በፈገግታ ያሳስባሉ። ከእነዚህ አንዳንዶቹ ግን ሴትን ወይም ገጠሬን መዘባበቻ ያደርጋሉ። እነርሱ ከአሮጌው ፌዝ የተቀዱ ናቸው።

በአንጻሩ የመሥሪያ ቤቶቻችን ደብዳቤና ማስታወቂያ ከዚህ ሁሉ ሀብት ርቆ ቆይቷል። ቁጣ የሚመስል ማሳሰቢያ ይጽፋሉ፤ ሕዝቡም አንብቦ ያልፋል። ለዛን ወደ ሥራ ቋንቋ መመለስ ግን በየደብዳቤው ተረብ መሰግሰግ ማለት አይደለም። የሐዘን፣ የቅጣትና የስንብት ደብዳቤ ቀልድ አይሸከምም፤ የበላይ ለበታቹ የሚጽፈው ቀልድም ከትእዛዝ ይልቅ ሊከብድ ይችላል፤ ምክንያቱም በታቹ ባያስቀውም መሣቅ ግድ ይሆንበታል። አዝማሪው ከመዝፈኑ በፊት እንግዳውን እንደሚያጣራ ሁሉ ጸሐፊም አንባቢውን አስቀድሞ ማወቅ አለበት። «ነገር በምሳሌ፣ ጠጅ በብርሌ» ይላል ሕዝቡ፤ ብርሌው ቢያምርም የሚጠጣው ግን ጠጁ ነው።

መምህሩ በክፍል ውስጥ፣ ተዋናዩ በመድረክ፣ ካድሬው በስብሰባ ላይ የሚያስቅ ነገር ሲናገር የጎንደርን ገበያ ቢያስብ ይጠቀማል። በዚያ ገበያ እህል ሻጭዋ በቃሏ ብቻ ነፍጋ፣ ሳትጣላ፣ ደንበኛዋን ይዛ ኖራለች። በዚያው ገበያ ደግሞ ማረሻ ሠሪው በሳቅ ተወግቶ ዝም ብሏል። ሚዛኑ አንድ ነበር፤ በላዩ የተጫነው ቃል ግን የተለያየ ነበር።