ፈረሰኛ ጦር

ፈረስ የሚጋልብ ሁሉ ፈረሰኛ ይባላል። «ፈረሰኛ ጦር» ሲባል ግን በደመወዝና በትእዛዝ የሚያድር፣ በፈረስ የሚዘምት የመንግሥት ወታደር ነው። የአሜሪካን የድሮ ፊልም ስናይ ይህን ወታደር ከካውቦይ ጋር እናምታታዋለን፤ ካውቦይ ግን ከብት ነጂ ቅጥረኛ ነው። ልዩነቱን የፊልም ዳይሬክተሩን የጆን ፎርድን ያህል አጥርቶ ያሳየኝ የለም። በ1948 እ.ኤ.አ. በወጣው ጥቁርና ነጭ ፊልሙ «ፎርት አፓቼ» ውስጥ ሄንሪ ፎንዳ የሚጫወተው ኮሎኔል ጆን ዌይን የሚጫወተው የበታች መኮንን የሰጠውን ማስጠንቀቂያ ንቆ ጦሩን ወደ ጠባብ ሸለቆ ይማግደዋል። ጥሩምባ ይነፋል፤ ወታደሮቹ አራት አራት ሆነው ይጋልባሉ፤ የአፓቼ ሕንዶች ተዋጊዎች ከዓለቱ ላይ አድፍጠው ይጠብቃሉ። ካውቦይ ቢሆን ፈረሱን አዙሮ በሄደ ነበር። ወታደሩ ግን ታዟል። ስለዚህ ተርጓሚዎች ሆይ፣ እባካችሁ እነዚህን ሰዎች «ካውቦይ» አትበሏቸው።