«በሕይወት መቆየት» በኑዛዜ ቃል ውስጥ
በእንግሊዝ እ.ኤ.አ. በ1925 በወጣው የንብረት ሕግ መሠረት፣ ሁለት ሰዎች ሞተው ማን እንደ ቀደመ ሳይታወቅ ሲቀር፣ በዕድሜ የሚያንሰው ኋላ እንደ ሞተ ይገመታል። ስለዚህ ለታናሽ ሚስቱ የተናዘዘ ባል ሀብት በእርሷ በኩል አልፎ ለእርሷ ወራሾች ይደርሳል፤ የእርሱ ወገኖች ባዶ እጃቸውን ይቀራሉ። ኑዛዜ አርቃቂዎችም ይህን ለመከላከል «ከእኔ በኋላ ይህን ያህል ቀን በሕይወት ብትቆይ» የሚል ቃል ያስገባሉ። እ.ኤ.አ. በ1995 የወጣው ሕግም ኑዛዜ በሌለበት ውርስ ለትዳር ጓደኛ 28 ቀን ወስኗል። የኢትዮጵያ የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ ግን በዕድሜ አይገምትም፤ ቀዳሚው ካልታወቀ አንዱ ከሌላው አይወርስም።

እንግዲህ ተርጓሚው «የተረፈች» ቢል የኑዛዜው ቃል ይፈርሳል፤ በሦስተኛው ቀን የሞተችም ከአደጋው ተርፋ ነበርና። «በሕይወት የቆየች» የሚለው ግን የቀኑን ገደብ ይሸከማል።