ሰንበቴ ተቋም አይደለምን? ከጆን አይሊፍ ጋር የቀረበ ሙግት

ስለ ኢትዮጵያ ድኾች ታሪክ የተጻፈው ጥቂት ነው። ሪቻርድ ፓንክረስት ስለ ረኃብና ወረርሽኝ የሰበሰበው ማስረጃ መሠረት ነውና በእሱ ላይ ክርክር የለኝም። ክርክሬ ከጆን አይሊፍ ጋር ነው። አይሊፍ በ1987 እ.ኤ.አ. ባሳተመው የአፍሪካ ድኾች ታሪክ ለክርስቲያናዊት ኢትዮጵያ ራሱን የቻለ ምዕራፍ ሰጥቷል። እኔ እንደምረዳው የምዕራፉ ድምዳሜ፣ ኢትዮጵያዊው ክርስቲያን በግሉ ይመጸውት ነበር እንጂ ለድኾች ተቋም አላቆመም የሚል ነው።

የአይሊፍ ሚዛን የተበጀው በባዛንታይንና በምዕራብ አውሮፓ የድኾች ቤቶች ልክ ነው። በዚህ ሚዛን ግንብ ከሌለ ተቋም የለም። ምንጮቹም ለዚሁ ያመቻሉ። ተጓዥ የሚጽፈው በመንገዱ ያገኘውን ለማኝ ነው፤ ገድል የሚጽፈው ስለ ቅዱሱ ነው። በሰንበቴ ጽዋ የተቀባበሉ ገበሬዎችን ስም የሚመዘግቡበት ምክንያት ሁለቱም የላቸውም።

ሰንበቴን፣ ማለትም በየሰንበቱ በተራ የሚደግሰውን የደብር ማኅበር፣ ያየ ሰው ግን ሥራውን ያውቀዋል። ቅዳሴ አልቆ ሕዝቡ ሲሰናበት ማኅበርተኛው ወደ ሰንበቴ ቤት ይገባል። ተረኛው ዳቦውን፣ እንጀራ በወጡን፣ ጠላውን ይዞ ቀርቧል፤ ካህኑ ጸልዮ ይባርካል፤ ነዳያን ድርሻቸውን ያገኛሉ፤ በመጨረሻ የማኅበሩ መሪ፣ ሙሴው፣ ጽዋውን ለቀጣዩ ተረኛ ያስረክባል። ጽዋ የተቀበለ ሰው ተራው ሲደርስ «አልተመቸኝም» ብሎ መቅረት አይችልም፤ ይወቀሳል፣ ይቀጣልም። ሲሞት በብዙ ቦታ ልጁ ይተካዋል። ልማዱ ከደብር ደብር እንደሚለያይ አልስትም። ነገር ግን ደንብ፣ ኃላፊ፣ ተራ፣ ቅጣትና ተተኪ ያለው ነገር ተቋም ካልተባለ ምን ሊባል ነው? ድኻን ማብላት እዚህ የመጽዋቹ ውዴታ ሳይሆን የማኅበርተኛው ግዴታ ነው።

ፍትሐ ነገሥት ስለ ምጽዋት የተለየ አንቀጽ አለው፤ ከዐረብኛ የተመለሰ ሕግ በመሆኑ ብዙ አልደገፍበትም። ይልቅ የአውሮፓውያኑን አርአያ ቅዱስ ባስልዮስን እንይ። በ368 እ.ኤ.አ. ገደማ ቀጰዶቅያ ስትራብ ገና ጳጳስ አልነበረም፤ ስሙን ያስጠራው የድኾች ቤትም አልተሠራም። ጎርጎርዮስ ዘእንዚናዙ እንደመሰከረው፣ በስብከቱ የባለጠጎችን ጎተራ አስከፍቶ፣ ርኃብተኛውን አንድ ቦታ ሰብስቦ፣ ድስት አስጥዶ አበላ። ማዕዱ ከግንቡ ቀደመ ማለት ነው።

ነዳያን በሰንበቴ የሚደርሳቸው ትራፊ ነው የሚል አለ። በአውሮፓ ገዳማትስ ስንቱ ለማኝ ከአበምኔቱ ጋር ማዕድ ቆረሰ? ከ1888 እስከ 1892 እ.ኤ.አ. በነበረው ክፉ ቀን ሰንበቴ ማንን አዳነ የሚልም አይጠፋም። ከብቱ አልቆበት ገበሬው ራሱ ነዳይ በሆነበት ዘመን የመጽዋቹን ስንፍና መክሰስ ፍርደ ገምድልነት ነው።

የታሪክ ተማሪዎቻችን ገድላቱን ከማገላበጣቸው በፊት በየደብሩ የሰንበቴ ሽማግሌዎችን ይጠይቁ፤ መዝገብ ያላቸውንም መዝገባቸውን ይመርምሩ። እስከዚያው የአይሊፍ ድምዳሜ በግማሽ ምንጭ ላይ የቆመ ነው።