ፊደሉን የማያውቅ ማተሚያ

ስለ መጪው ዘመን ትምህርት ቤት ስናስብ ዓይናችን ወደ ስልኩና ሰው ሠራሽ አስተውሎት ወደሚባለው ጥበብ ይሮጣል። እኔ ግን ወደ ኋላ፣ ወደ ሮም ልውሰዳችሁ።

በዚያች ከተማ እ.ኤ.አ. በ1513 በማተሚያ የታተመ የመጀመሪያው የግእዝ መጽሐፍ፣ መዝሙረ ዳዊት፣ ወጣ። አሳታሚው ጀርመናዊው ዮሐንስ ፖትከን ሲሆን ቋንቋውን ያስተማሩት እዚያው ያገኛቸው ኢትዮጵያዊ አባ ቶማስ ወልደ ሳሙኤል ናቸው። ፖትከን ግን ግእዝን የከለዳውያን ቋንቋ ብሎ ጠራው፤ መምህሩ አጠገቡ እያሉ!

ከ35 ዓመታት በኋላ፣ የግራኝ አሕመድ ጦርነት ብዙ መጻሕፍትን ካጠፋ ወዲህ፣ የደብረ ሊባኖሱ አባ ተስፋ ጽዮንና ባልንጀሮቻቸው በሮም ሐዲስ ኪዳንን በ1548 እና በ1549 አሳተሙ። ድካማቸውን አስቡት። ፊደል የሚደረድሩት ሠራተኞች ግእዝ ማንበብ አያውቁም፤ የሚያነቡት አባቶች ደግሞ የማተሚያውን ሥራ አያውቁም። አባቶች በመጽሐፉ ስለተገኘው ስሕተት አንባቢን ይቅርታ ሲጠይቁ ምክንያታቸው ይኸው ነበር።

ዛሬ ፊደላችን ኮምፒውተር ውስጥ ገብቷል፤ በዩኒኮድ የተመዘገበው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። ከ1973 ጀምሮ በማይክሮፊልም ከተነሡት፣ ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌም ብዙ ዘመን ከደከሙባቸው የብራና መጻሕፍት መካከል እጅግ ብዙዎቹ በኢንተርኔት ይነበባሉ። መጽሐፍና መምህር ፍለጋ አገር ለአገር በእግሩ ለሚዞረው ለቀደመው ተማሪ ይህ ሕልም ነበር።

ነገር ግን ልብ በሉ፤ የተለመደው አጻጻፋችን መጥበቅንና መላላትን አያሳይም። «ገና» የሚለው ቃል የልደት በዓል ይሁን ወይስ «እስካሁን» ማለት፣ በፊደሉ አይለይም። በንባብ ቤት ተማሪው ይህንን የሚቀበለው ከመምህሩ አፍ ነው፤ ሲሳሳት እየታረመ፣ ዳዊቱን እየደገመ። ከጽሑፍ ብቻ የተማረ መሣሪያ ግን ይህን ከየት ያመጣዋል? ነገ ሕፃናት ዳዊትን ከእንዲህ ያለ መሣሪያ ቢማሩ፣ የላላው ጠብቆ፣ የጠበቀው ላልቶ ይወርሳቸዋል፤ የሚያርማቸው መምህር ካልቀረ ደግሞ ስሕተቱ ሥርዓት ይመስላቸዋል።

እንግዲህ እናንተ ቀን በግቢ ኮምፒውተር ሳይንስ፣ ማታ በጉባኤ ንባብ የምትማሩ፣ አባ ተስፋ ጽዮን በሮም ያላገኙት ሠራተኛ እናንተ ናችሁ። የአጥቢያችሁን የንባብ መምህር ጠይቁ፤ ፈቃዳቸው ከሆነ ንባባቸውን ከመዝሙር 1 ጀምራችሁ በድምፅ ቅረጹ፤ የሚጠብቀውንም ፊደል እርሳቸው እያረሟችሁ ምልክት አድርጉበት።