የሁለት ሐይቅ ወፍ

በሻላና በአቢያታ መካከል ካለው ኮረብታ ላይ የቆመ ጎብኚ ሁለቱን ሐይቆች በአንድ ጊዜ ያያል። ሻላ ጥልቀቱ እስከ 266 ሜትር ይደርሳል፤ ዓሣው ግን ጥቂት ነው። ስለዚህ ነጩ ፔሊካን አውሬ በማይደርስበት በሻላ ደሴት ጫጩቶቹን እየፈለፈለ፥ ቀለባቸውን ከአቢያታ ያመጣ ነበር። ኤሚል ኧርባንና ሌስሊ ብራውን ይህን የመራባት ኑሮ መርምረው እ.ኤ.አ. በ1969 አሳተሙ። ወፉ ፀሐይ ምድርን አሙቃ አየሩ ሽቅብ እስኪነሣ ይጠብቅና፥ በዚያው ተንሳፎ ኮረብታውን ይሻገራል።

አቢያታን የሚመግበው የቡልቡላ ወንዝ ከዝዋይ ይወርዳል። ከወዲያ ውሃው ለመስኖ፥ ከወዲህም የአቢያታ የራሱ ውሃ ለሶዳ ማምረቻ ሲቀዳ፥ ሐይቁ ሸሸ፤ ጨውነቱ በረታ፤ ዓሣው ጠፋ። ዛሬ ጎብኚ ሁሉ የሚሮጠው ወደ ፍላሚንጎው ነው፤ መልኩ ያማረ ነውና አይፈረድበትም። ለፍላሚንጎ ጨዋማ ውሃ ይስማማዋል። ፔሊካኑ ግን ዓሣ ፍለጋ አቢያታን ዐልፎ እስከ ዝዋይ መብረር ግድ ሆነበት።