«ዶክተሬ»

የዛሬ ሁለት ዓመት ለሥራ ጉዳይ ዋሽንግተን ሄጄ ያረፍኩት ታክሲ ነጂ ከሆነው የአክስቴ ልጅ ቤት ነበር። ሴት ልጁ ያኔ የኮሌጅ ሦስተኛ ዓመት ተማሪ ናት። ቤት ውስጥ ስሟን የሚጠራ የለም፤ «ዶክተሬ» ነው የምትባለው። ከአዲስ አበባ የሚደውሉት አክስቴ ደግሞ «አሁንም ሕክምና አልገባችም እንዴ? ምን ሆና ነው?» ይላሉ።

በአክስቴ አልፈርድም። በእኛ ጊዜ ማትሪክ ጥሩ ውጤት ያመጣ ልጅ መጀመሪያ ሌላ ዲግሪ ሳይጨርስ ሕክምና ፋኩልቲ መግባት ይችል ነበር። አሜሪካ ግን በአብዛኛው መጀመሪያ የአራት ዓመት ኮሌጅ ይጨረሳል። «ፕሪ-ሜድ» የሚሉትም ራሱን የቻለ የትምህርት ክፍል አይደለም። ታሪክም ይሁን ሙዚቃ ያጠና ሰው ባዮሎጂውን፣ ኬሚስትሪውንና ፊዚክሱን ከወሰደ፣ ኤምካት በሚባለው ፈተናም ጥሩ ካመጣ ማመልከት ይችላል።

አንድ ማታ ልጅቷን ጠረጴዛ ላይ አንገቷን ደፍታ አገኘኋት። ኦርጋኒክ ኬሚስትሪ «ሲ» አግኝታለች፤ ላባቷ አልነገረችም። «ጋሼ፣ ይሄን ነገር ማን ነው ያመጣብን?» አለችኝ። ለምሬት ያህል ነው ያለችው፤ እኔ ግን የታሪክ ነገር ከተነሳ አላስችል ስለሚለኝ የምሬን መለስኩላት።

በ19ኛው መቶ ዘመን አሜሪካ ውስጥ ብዙዎቹ የሕክምና ትምህርት ቤቶች ከገቢ ተማሪ የሚፈልጉት ክፍያውን ነበር። ሁለተኛ ደረጃ ያልጨረሰም ይገባል። ነገሩን ከለወጡት አንዱ በ1893 (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን ናቸው) ባልቲሞር የተከፈተው የጆንስ ሆፕኪንስ ሕክምና ትምህርት ቤት ነው። ገንዘብ አጥሮት ሲቸገር ሜሪ ጋሬት የተባለች ባለጠጋ ሴት ከ300 ሺህ ዶላር በላይ ሰጠች፤ ግን በቅድመ ሁኔታ። ሴቶች እንደ ወንዶች እኩል ይግቡ፣ ገቢዎቹም ዲግሪ ያላቸው፣ ሳይንስ የተማሩ፣ ፈረንሳይኛና ጀርመንኛ ማንበብ የሚችሉ ይሁኑ አለች። ከመጀመሪያዎቹ 18 ተማሪዎች 3ቱ ሴቶች ነበሩ። ታላቁ ሐኪም ኦስለር ለባልደረባው ለዌልች፣ እኛ በመምህርነት መግባታችን በጀን እንጂ ተማሪ ሆነን ብንመጣ አይቀበሉንም ነበር ብሎ እንደቀለደ ይነገራል።

በ1910 ደግሞ አብርሃም ፍሌክስነር፣ ራሱ ሐኪም ሳይሆን፣ በአሜሪካና በካናዳ የነበሩትን 155 ትምህርት ቤቶች መርምሮ ጉዳቸውን አወጣ። ላቦራቶሪ የሌለው፣ ሆስፒታል የሌለው ሁሉ ተጋለጠ። ብዙዎቹም በኋላ ተዘጉ። በሽተኛው ከመሃይም ሐኪም ዳነ። ነገር ግን ለጥቁሮች ከነበሩት 7 ትምህርት ቤቶች የተረፉት ሃዋርድና ሜሃሪ ብቻ ሆኑ። የእኛው ዶክተር መላኩ በያን ኦሃዮ ኮሌጅ ተምሮ ሕክምና ያጠናው በዚያው በሃዋርድ ነው፤ በጣሊያን ወረራ ጊዜም አገሩ ተመልሶ ቁስለኛ አክሟል። ያም በር ተዘግቶ ቢሆን ኖሮስ?

ፈተናው የመጣው በ1928 ነው። ገብተው የሚያቋርጡት ስለበዙ፣ ማን እንደሚዘልቅ አስቀድሞ ለመለየት ነበር።

እንደ በሽተኛ ሳስበው መመዘኛው መጥበቁን እደግፋለሁ። ግን ሜሪ ጋሬት መመዘኛውን ስታጠብቅ አብራ በር ከፍታለች። ከ1910 በኋላ መመዘኛው ሲጠብቅ ለድሆቹ ትምህርት ቤቶች የላቦራቶሪውን ዋጋ የሚከፍል በበቂ አልተገኘም። ልዩነቱ እዚህ ላይ ነው። ከሰው ብዙ የሚጠይቅ፣ የሚያደርስበትንም መንገድ ማሰብ አለበት። ቤተሰብም እንደዚያው። እኛ ለልጅቷ ማዕረጉን ቀድመን ሰጠናት እንጂ «ሲ» ስታገኝ የምትናገርበትን ቦታ አላዘጋጀንላትም።

አባቷ እኩለ ሌሊት ገባ። ነገረችው። የመኪናውን ቁልፍ እንደያዘ ቁጭ አለና፣

«‹ሲ› ማለት መውደቅ ነው?»

«አይደለም አባዬ። ግን ሕክምና ላያስገባኝ ይችላል።»

«ታዲያ ይሄን ለብቻሽ ይዘሽ ነው እንቅልፍ ያጣሽው?» አላት።

በማግስቱ ጠዋት ሲቀሰቅሳት ሰማሁት። በስሟ ጠራት።